ድምፅ የሌላትን እንስሳ ለጎረቤት አደራ ስለ መስጠት

ሰው በቤቱ ሳለ ከብቱንና ጓሮውን በገዛ ዓይኑ ይጠብቃል፤ መንገድ በወጣ ጊዜ ግን የሚጠብቅለት የጎረቤቱ ዓይን ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» መባሉም ስለዚህ ነው። በወሎ ምድር ክርስቲያኑ አደራ ቢለው፣ ሙስሊሙ አማና ቢለው፣ ትርጓሜው አንድ ነው፤ ይኸውም የሌላውን ገንዘብ እንደ ራስ ገንዘብ ጠብቆ በጊዜው ለባለቤቱ መመለስ ነው። የተቀበለውን ያጠፋ ሰው «አደራ በላ» ይባላል፤ ይህም ስም ሌባ ከመባል የማያንስ ነውር ነው።

የአደራ ሕግ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው፣ አህያ ወይም በሬ ወይም በግ ለባልንጀራው ያስጠበቀ ሰው እንስሳው ቢሰረቅበት ጠባቂው ይከፍላል፤ አውሬ ቢሰብረው ጠባቂው ስባሪውን ለምስክር ያመጣል፤ ማንም ሳያይ ቢሞት ግን ነገሩ በመሐላ ያልቃል። ቅዱስ ቁርዓንም በ4ኛው ምዕራፍ አደራን ለባለቤቱ መመለስን ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ አደራ የተለየ ደንብ አለው። እነዚህ ሁሉ አብዝተው የሚናገሩት ስለ ተቀባዩ ግዴታ ነው። የዚህ ትምህርት ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋው ስለ ሰጪው ግዴታ ነው።

ላም ወይም በግ አደራ የሚሰጥ ሰው ብዙ አይቸገርም። አንደኛ፣ ጠባቂው ጥቅም ያገኛል፤ በርቢ ልማድ የሰው ላም የሚያረባ ሰው ወተቱን ይጠጣል፣ ከሚወለደውም ይካፈላል። ሁለተኛ፣ ከብት ስለ ራሱ ይናገራል፤ ላም ስትጠማ ትጮኻለች፣ በግ ስትራብ ትባባለች፣ ውሻም ባዕድ ሲያይ ይጮኻል። ጠባቂውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከብት ሲጠብቅ ስላደገ ምልክታቸውን ያውቃል። ልጆች ለፍቅር የሚያሳድጓት የቤት ጥንቸል ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የላትም። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ሥጋዋ ከማይበሉት ጋር ስለ ተቈጠረ ክርስቲያኑ አይበላትም፤ ወተት አትታለብም፤ ሕመም ቢይዛትም ዝም ብላ በማእዘን ትቀመጣለች እንጂ አትጮኽም። እንግዲህ ጥቅም የማትሰጥና የማትናገር እንስሳ አደራ በተሰጠች ጊዜ፣ የሰጪውም የተቀባዩም ልብ ይፈተናል።

ነገሩ ይገለጥ ዘንድ አንድ ምሳሌ ይቀርባል። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተ ደቡብ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ የሚኖር አንድ መምህር ነበረ እንበል፤ ልጁም አንዲት ነጭ ጥንቸል ያሳድግ ነበር። በግንቦት ወር መላው ቤተ ሰብ ለተዝካር ወደ ላስታ በሄደ ጊዜ፣ መምህሩ የቤቱን ቍልፍ ጎረቤቱ ለሆኑት ለአንዲት ደግ ሙስሊም እናት ሰጥቶ፣ «እትዬ፣ አደራዎን ይችን ጥንቸል ሣር ይስጡልኝ» አላቸው። እርሳቸውም «ምን ችግር አለው ልጄ፣ በሰላም ግቡ» አሉት። ከዚህ በላይ ሌላ ቃል አልተነገረም።

እኒያ እናት ለእንግዳ የሚሰጡትን ለጥንቸሊቱ ሰጡ። ሣሩ ክብር የጐደለው መስሎ ስለ ታያቸው እንጀራና ቂጣ ፈተፈቱላት፤ ቈሎም ጨመሩላት። ሣጥኗ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ እንዲያንቀሳቅሱት ያዘዛቸው ስለ ሌለ አላንቀሳቀሱትም። በሦስተኛው ቀን ጥንቸሊቱ መብላት ተወች። እርሳቸውም ጠግባ ነው ብለው አሰቡ፤ በአራተኛውም ቀን ባለቤቶችዋን ናፍቃ ነው ብለው አዘኑላት። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ቤተ ሰቡ በተመለሰ ጊዜ ልጁ አለቀሰ፤ ለእናቲቱም ሰላምታ መስጠት ተወ። እርሳቸውም ከኀፍረታቸው የተነሣ ቡና መጥራት አቆሙ። የብዙ ዘመን ጉርብትና በአንዲት ጥንቸል ምክንያት ሊፈርስ ሆነ። መምህሩም ነገሩን ለአንድ የሰፈር ሽማግሌ ባወራ ጊዜ፣ ሽማግሌው እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ላም ብታስጠብቅ ላሚቱ ራስዋ ትናገርልህ ነበር። ይችኛይቱ አፍ የላትም፤ አፍዋ አንተ ነበርህ። ቃሏን ይዘህ ላስታ ወጣህ፤ ሴትዮዋም ያለ ቃል ጠበቋት። ካላቸው መልካሙን ሰጥተዋልና አደራ አልበሉም። ጥፋቱ አስቀድሞ ያንተ ነው፤ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ።» መምህሩም ልጁን ይዞ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ።

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር በሽማግሌው ቃል ውስጥ ይገኛል። ለማትናገር እንስሳ ቃልዋን የሚተው ሰጪው ነው። ቃሉ ካልተነገረ በተቀባዩ ላይ መፍረድ አይገባም። የሚነገረውም ቃል ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይገለጣል።

1ኛ። የእንስሳይቱን ጠባይ ማስረዳት። ጥንቸል የሚለው ስም በአማርኛ ለሁለት ዓይነት እንስሳት ይነገራል። በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የምትሮጠው የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትምስም፤ ግልገሎችዋም ጠጕር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የቤት ጥንቸል ግን ዘርዋ ከእስጳንያና ከፈረንሳይ አገር የመጣ ነው፤ ጉድጓድ መማስ ትወዳለች፤ ግልገሎችዋም ጠጕር ሳይኖራቸው፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። ስለዚህ የዱሪቱን ያየ ሰው የቤቲቱን አውቃለሁ ሊል አይችልም።

2ኛ። ሰውን መምረጥ። ጠባቂው ጧትና ማታ ሊያያት የሚችል፣ በቤቱም ልቅ ውሻ ወይም ድመት የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው በይሉኝታ እሺ ይላልና፣ ሰጪው «የማይመች ከሆነ ቅር አይለኝም» ብሎ ለእንቢታ በር ከፍቶ መጠየቅ ይገባዋል። በይሉኝታ የተገባ አደራ ቶሎ ይረሳል።

3ኛ። አስቀድሞ ማለማመድ። ከጉዞው በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠባቂው በራሱ እጅ ያብላት፤ ባለቤቱም ቆሞ ይይ። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሣት ክፉ ነው፤ በድንጋጤ ብትራገጥ ወገብዋ ሊሰበር ይችላል። አንዱን እጅ ከደረትዋ በታች፣ ሁለተኛውን ከኋላ እግሮችዋ በታች አድርጎ ከሰውነት ጋር አስጠግቶ መያዝ ይገባል።

4ኛ። ምግብ። የጥንቸል ዋና ምግብ ድርቆሽና ሣር ነው። ጥርስዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ፣ ሣር በማኘክ ካላሳጠረችው አፍዋን ይጐዳታል፤ አንጀትዋም ያለ ሣር በደንብ አይሠራም። እንጀራ፣ ቂጣ፣ ቈሎና ጣፋጭ ነገር ሆድዋን ያበላሻል። መርሳ አትክልትና ማሽላ የሚበቅልበት አገር ስለ ሆነ፣ ሁለት ነገር መከልከል ያስፈልጋል፤ የአቮካዶ ቅጠልና ፍሬ ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ለጋ የማሽላ ቅጠልም ከብት እንደሚገድል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ሰጪው ድርቆሹን ለየቀኑ አንድ አንድ እስር አድርጎ ያዘጋጅ፤ ስምንት ቀን የሚቈይ ሰው ዐሥር እስር ይተው፤ መንገድ ያዘገያልና።

5ኛ። ውኃና ቦታ። ንጹሕ ውኃ ሳይጐድል፣ በቀላሉ በማይገለበጥ ከባድ የሸክላ ዕቃ ይቀመጥላት። ውኃ ያጣች ጥንቸል ድርቆሽ መብላትም ትተዋለች። ጥንቸል እንደ ሰው አያልባትም፤ ሙቀትዋን የምታወጣው አብዝቶ በጆሮዎችዋ ነው፤ ስለዚህ ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይገድላታል። ሣጥኗ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይሁን፤ ከቆርቆሮ ሥር በፀሐይ አይሁን። ማታም ድመትና ሸለምጥማጥ እንዳይገቡባት በሽቦ ይዘጋ።

6ኛ። የሕመም ምልክት። ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ይህ ነው። ጤነኛ ጥንቸል ሌሊትና ቀን በየጊዜው ትበላለች፤ ክብ የሆነ ደረቅ ፋንድያም ታበዛለች። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ካልበላች፣ ወይም ፋንድያዋ ካነሰ፣ «ነገ ይሻላታል» ተብሎ አይታደርም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለችና፣ በቶሎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። ነገር ግን ከራስዋ ሥር ለስላሳ ፋንድያ ስትበላ ቢያዩ ሕመም አይደለም፤ ከመጀመሪያው ምግብ የቀረውን ጥቅም ዳግመኛ የምታገኘው እንዲህ ነው።

7ኛ። ወንድና ሴት። ወንድና ሴት አብረው ከተተዉ ሴቲቱ በ31 ቀን ገደማ ትወልዳለች። እናቲቱ ግልገሎችዋን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ርቃ ብትቀመጥ ጥላቸው ነው ብሎ መነካካት አይገባም።

8ኛ። ስለ ሞትና ስለ ወጪ። ሰጪው ከመሄዱ በፊት «ብትሞት ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ የታዘዘውን ካደረጋችሁ አልቀየምም» ብሎ በምስክር ፊት ይናገር። ለሕክምና የሚሆነውንም ገንዘብ አስቀድሞ ይስጥ። ጎረቤት ለአደራ ዋጋ ባይቀበልም፣ ከኪሱ ሊያወጣ ግን አይገባውም።

ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት በጉልህ ፊደል ተጽፎ በሣጥኑ አጠገብ ይሰቀል። ጠባቂው ማንበብ ባይችል፣ በቤቱ ያለ ተማሪ ጧት ጧት ያንብብለት። አጻጻፉም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤

«ጧት፦ አንድ እስር ድርቆሽ፤ ውኃው ይለወጥ። ቀትር፦ ጥላ መሆኑ ይታይ። ማታ፦ ፋንድያው ይታይ፤ ሽቦው ይዘጋ። እንጀራና እህል አይሰጥ። ግማሽ ቀን ካልበላች ባለሙያው ይጠራ።»

ወደ ምሳሌው እንመለስ። በሚቀጥለው መስከረም መምህሩና ቤተ ሰቡ የ21ኛውን ቀን በዓል ለማክበር ወደ ግሸን ማርያም በተነሡ ጊዜ፣ ልጁ ሁለተኛ ጥንቸል ነበረችው። መምህሩ ሌላ ጠባቂ ሊፈልግ አሰበ፤ ልጁ ግን «እትዬ ይጠብቋት» አለ። ሦስት ቀን አብሮአቸው እየሄደ አሳያቸው፤ ወረቀቱንም ራሱ ጻፈ፤ የልጅ ልጃቸውም ያነብላቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ጧት ድርቆሹ እንዳለ ተገኘ፤ ፋንድያውም ጥቂት ነበር። እናቲቱ «ጠግባ ነው» አላሉም። የልጅ ልጃቸውን ወደ ባለሙያው ላኩ፤ እርሱ እስኪመጣም ሣጥኑን ቢመረምሩ የውኃው ዕቃ ተገልብጦ፣ መሬቱ ደርቆ አገኙ። ውኃ ሰጧት፤ እስከ ቀትርም መብላት ጀመረች። ባለሙያው መጥቶ አያትና ደኅና ናት አለ። ቤተ ሰቡ በተመለሰ ቀን እናቲቱ ልጁን ጠርተው፣ «እነሆ አማናህን ተረከበኝ» አሉት። በዚያው ቀን ቡናው በእርሳቸው ቤት ተፈላ።

ጉዞ ሁሉ ግን ታስቦ የሚደረግ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያና አካባቢዋ በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ቤተ ሰብ በድንገት ተነሥቶ ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ከብቱን ለማን እንደሚሰጥ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም። በእንዲህ ያለው ቀን የሰው ነፍስ ከእንስሳ ይቀድማል። ሆኖም በሰላሙ ዘመን ጎረቤቱን ስለ እንስሳው ያስተማረ ሰው፣ በክፉው ቀን ከኋላ የሚቀር ጎረቤት ቢኖረው አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል። ደግሞም ለብዙ ዓመት ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ወጣት «አደራ» ብሎ ባይሰጥ ይሻላል፤ የሚመለስበት ቀን ያልታወቀ አደራ ለተቀባዩ ቀንበር ነውና፣ እንስሳይቱን ፈጽሞ በስጦታ ይስጣት።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በመጀመሪያው ጉዞ ጥንቸሊቱ በሞተች ጊዜ ሽማግሌው ጥፋቱ የማን ነው አሉ? ምክንያታቸውስ ምንድር ነው?
2. ላምን አደራ መስጠትና ጥንቸልን አደራ መስጠት በምን በምን ይለያያሉ?
3. ግማሽ ቀን ያልበላች ጥንቸል ለምን እስከ ነገ አትቈይም?
4. በይሉኝታ እሺ ያለ ጠባቂ የሚያመጣው ጕዳት ምንድር ነው?
5. እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ስላለች አንዲት እንስሳ፣ ዶሮም ብትሆን፣ የአደራ ወረቀት ጽፎ ያምጣ፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም አንብቦ ያስረዳ።