ሐምሌ 1 እና የሲሪንቃ ማሳ፦ የመንግሥት ግዥ ሕግና አሠራር ምዘና በሽግግር ላይ ባለ ኢኮኖሚ

ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የመንግሥት ተቋማት አንድ ዓይነት ዕቃ ለመግዛት የተለያዩ ሕጎችን ይከተላሉ። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የሚገዛው በፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለ በመሆኑ በክልሉ የግዥ ሕግ ይመራል፤ መርሳ የሚገኙት የሀብሩ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም እንዲሁ። እንደ ልማታዊ ሴፍቲኔት ባሉ በብድርና በዕርዳታ በሚካሄዱ ፕሮግራሞች ደግሞ ገንዘቡን የሰጠው ወገን በስምምነቱ ያስገባው የግዥ ደንብ ይቀድማል። አቅራቢው ግን ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ ለሦስቱም ዋጋ የሚሞላው አንዱ የወልዲያ ወይም የደሴ ነጋዴ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ የአንድን አገር የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ስንመዝን የምንመዝነው ምኑን ነው? የአዋጁን ጽሑፍ ነው ወይስ ዕቃው መጋዘን የገባበትን ቀን? ጥያቄው የቀረበው የሕግ ሰነዶችን በማነጻጸር ሲሆን፣ ለማሳያ የተመረጠው ደግሞ የዝናብ ወቅት ለግዥ የጊዜ ሰሌዳ የማይንበረከክበት የሲሪንቃ አካባቢ ነው።

የሽግግር ኢኮኖሚ ልምድና የኢትዮጵያ ቦታ

በዕዝ ኢኮኖሚ ሥር ግዥ የሚባል የሕግ ዘርፍ እምብዛም አልነበረም። ዕቃ የሚከፋፈለው በዕቅድ ነበር፤ ሻጩም ገዥውም መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 በኋላ በምሥራቅ አውሮፓና በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ያ ሥርዓት ሲፈርስ መንግሥት ከገበያ ላይ የሚገዛ ደንበኛ ሆነ፤ ከማን፣ በምን ያህልና በምን ሥነ ሥርዓት እንደሚገዛም ሕግ አስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ በሚሠራባቸው አገሮች የግዥ ሕግንና አሠራርን ለየብቻ የመዘነ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 አካሂዷል። የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር፣ በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ ለአገሮች የሰጠው ደረጃ ሳይሆን ሁለቱን ሚዛኖች መለየቱ ነው። የተሟላ ሕግ ያለው አገር ደካማ አሠራር ሊኖረው እንደሚችል አስቀድሞ የተቀበለ ጥናት ነበርና።

ኢትዮጵያ በዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረችም። ይሁን እንጂ ጉዞዋ ይመሳሰላል። ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ ግዥ በመጀመሪያ የተስተናገደው የፋይናንስ አስተዳደር አንድ ክፍል ሆኖ በአዋጅ ቁጥር 57/1989 ሥር ነው። ራሱን የቻለ የግዥ አዋጅና ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 430/1997 ሲሆን፣ እሱም በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ተተካ፤ ይኸኛውም በተራው ለአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ቦታውን ለቀቀ። በ20 ዓመት ውስጥ ሦስት አዋጆች ማለት ነው። ይህ የሕግ አውጪው ትጋት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ በወረዳ ደረጃ ላለ ግዥ ባለሙያ ግን ያለፈውን መመሪያ በቅጡ ሳይለምድ ሌላ መመሪያ መቀበል ማለት ነው።

በውሰት የመጣ አንቀጽ

የሽግግር አገሮች የግዥ ሕጎች አንድ የጋራ ወላጅ አላቸው፤ ይኸውም የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሞዴል ሕግ ነው። የኢትዮጵያም አዋጆች የግዥ ዘዴዎች ዝርዝር፣ ማለትም ግልጽ ጨረታ፣ ሁለት ደረጃ ጨረታ፣ ውስን ጨረታ፣ የዋጋ ማቅረቢያና ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥ፣ የዚያን ሕግ መልክ ይዟል።

ከሞዴሉ ጋር የመጣ አንድ አንቀጽ ግን ልዩ ትኩረት ይሻል። የ1994ቱ ሞዴል ሕግ ተጫራቾች አቤቱታ እንዲያቀርቡ ከፈቀደ በኋላ አቤቱታ የማይቀርብባቸውን ጉዳዮች ዘርዝሮ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል የግዥ ዘዴ ምርጫና ሁሉንም ጨረታዎች ውድቅ የማድረግ ውሳኔ ይገኙበታል። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ይህንን ገደብ ወርሷል። ትርጉሙ ቀላል አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በግልጽ ጨረታ ሊገዛ የሚገባውን ዕቃ በዋጋ ማቅረቢያ ቢገዛ፣ ከውድድሩ ውጭ የቀረው ነጋዴ የሚያሳስበው ዋነኛ ጉዳይ የዘዴው ምርጫ ነው፤ አቤት ሊልበት የማይችለውም እሱኑ ነው። አወዳዳሪው የገምጋሚ ኮሚቴውን የነጥብ አሰጣጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ውድድሩ ጭራሽ ያልተደረገበትን ምክንያት ግን የሚጠይቀው ኦዲተር እንጂ ተጫራች አይደለም።

ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዴሉን ሲያሻሽል እነዚህን ገደቦች አስወግዷል፤ አሸናፊው ከተገለጸ በኋላ ውል ከመፈረሙ በፊት ለአቤቱታ የሚሆን የመጠበቂያ ጊዜም ጨምሯል። የእኛ አዋጅ ግን ከማሻሻያው ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ወጥቶ ስለነበር ለ15 ዓመት ያህል በአሮጌው ሚዛን ሠርቷል። የተዋሰ ሰው ዕቃው ባለቤቱ ዘንድ ሲታደስ እሱ ጋ ያለው አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ የሕግ ውሰትም ከዚህ አይለይም። በአዋጅ ቁጥር 430/1997 ጊዜ አቤቱታ ሰሚው ኤጀንሲው ራሱ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከመንግሥት የልማት ድርጅቶችና ከንግዱ ማኅበረሰብ የተውጣጣ አጣሪ ቦርድ ማቋቋሙ ግን የማይካድ እርምጃ ነው።

የበጀት ዓመትና የዝናብ ወቅት

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። በሲሪንቃና በአካባቢው ገበሬው ዘግይቶ የሚደርሰውን የአገር ማሽላ የበልጉን ዝናብ ተስፋ አድርጎ ከሚያዝያ ጀምሮ ይዘራል። የበልጉ ዝናብ እያደር የማይታመን በመሆኑ የምርምር ማዕከሉ ትኩረት ካረፈባቸው ሥራዎች አንዱ በክረምቱ መግቢያ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ተዘርቶ ዝናቡ ሳይቋረጥ የሚደርስ ፈጣን ዝርያ ማግኘት ነው። የሙከራው ፋይዳ ያለው በዚያች ጠባብ የመዝሪያ ጊዜ ውስጥ ነው። ሁለት ሳምንት የዘገየ ሙከራ የዝርያውን ድርቅ የመቋቋም አቅም ሳይሆን የግዥ ክፍሉን ፍጥነት የሚለካ ይሆናል።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ 1 ነው። የክልሉ በጀት ከፌዴራል መንግሥት በሚገኘው ድጎማ ላይ ስለሚመሠረት የክልሉ ምክር ቤት በጀቱን የሚያጸድቀው አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ ውስጥ ነው። ግዥ ፈጻሚው በጀት መያዙ ሳይረጋገጥ ውል አይፈርምም። ለማስረዳት ያህል፣ ማዕከሉ ለሙከራ ማሳ ኬሚካል፣ የዘር መያዣ ከረጢትና የእርጥበት መለኪያ መግዛት አለበት እንበል። ፍላጎቱ ከተመራማሪው ይነሣል፤ የቴክኒክ መግለጫ ይዘጋጃል፤ የጨረታ ሰነዱ ይጸድቃል፤ ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፤ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያልፋል፤ ይከፈታል፤ ይገመገማል፤ የአቤቱታ ጊዜው ይጠበቃል፤ አሸናፊው የውል ማስከበሪያ ያስይዛል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይጫናል፤ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱም ትርፍ አይደለም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሁሉም ሲደመሩ ግን ዕቃው የሚደርሰው ማሽላው እሸት ሲይዝ ነው።

ታዲያ በአስቸኳይ ግዥ መግዛት አይቻልም? አይቻልም፤ ሊቻልም አይገባም። ሞዴል ሕጉ በአስቸኳይነት ምክንያት ከውድድር ውጭ መግዛትን የፈቀደው አጣዳፊው ሁኔታ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችልና በገዥው መዘግየት ያልተፈጠረ ሲሆን ብቻ ነው። የሐምሌ ዝናብ ደግሞ በየዓመቱ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ሕጉ በሩን መዝጋቱ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ያለው የበጀት ዓመቱ የተቀረጸው ለግብር አሰባሰብና ለሂሳብ አያያዝ ሆኖ ሳለ ለዘር ወቅት የሚሆን የተለየ መንገድ አለመዘጋጀቱ ላይ ነው። መንገዱ ግን በሕግ ውስጥ አለ። የማዕቀፍ ስምምነት፣ ማለትም ዋጋውና አቅራቢው አስቀድሞ በውድድር ተለይቶ መጠኑ ሲፈለግ ብቻ የሚታዘዝበት ውል፣ በ649/2001 እውቅና ያገኘ ዘዴ ነው። በፌዴራል ደረጃ ግን ይበልጡን የታወቀው እንደ ጽሕፈት መሣሪያ ላሉ የጋራ ፍጆታ ዕቃዎች ነው። ወረቀት ወቅት የለውም፤ ዘር ወቅት አለው። ዘዴው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለኋለኛው ነበር።

የዚህ ሌላኛው ገጽ የሰኔ ግዥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተንቀረፈፈው ግዥ የበጀት መዝጊያው ሲቃረብ በአንድ ጊዜ ይጣደፋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናልና። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደሚባለው የዋጋ ማቅረቢያ ሥርዓት የሚፈተነው በዚህ ወር ነው። ሕጉ በተቻለ መጠን ከሦስት ያላነሱ አቅራቢዎች ዋጋ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። በወረዳ ከተማ አንድን ዕቃ የሚይዝ ሱቅ ግን አንድ ወይም ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ፕሮፎርማ ከየትም ብሎ መገኘት አለበት። ሰነዱ ሦስት ወረቀት ካለው ለኦዲተር የተሟላ ነው፤ ሦስት ተወዳዳሪ ነበረ ወይ የሚለውን ግን ወረቀቱ አይናገርም። ይህን በግዥ ባለሙያው ሥነ ምግባር ብቻ ማመካኘት ፍትሐዊ አይመስልም። ሕጉ ቀጭን ገበያ ውስጥ ወፍራም ውድድር እንዲታይ ሲያዝዝ የሚያገኘው የውድድር መልክ ነው።

ጦርነትና የተላላ ደንብ

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወልዲያና አካባቢዋ ለወራት ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ በነበሩበት ጊዜ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልም ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጓል። መልሶ ማቋቋም በግዥ አንጻር ሲታይ አስቸጋሪ ጥያቄ ያስነሣል፦ የአስቸኳይነቱ ዘመን የሚያበቃው መቼ ነው? የመጀመሪያው ዓመት ግዥ በእርግጥም አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነበር። የሦስተኛው ዓመት ግን ዕቅድ ነው።

ከሽግግር አገሮች ዩክሬን እዚህ ላይ የምታስተምረው ነገር አለ። ፕሮዞሮ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ግዴታ ያደረገችው ይህች አገር፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ጦርነቱ ሲሰፋ ያለ ውድድር መግዛትን ፈቀደች፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ጦርነቱ ሳያበቃ ግልጽ ጨረታን ዋና መንገድ አድርጋ መለሰች። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስቴሩ አንድ እንቁላል በ17 ህሪቭኒያ፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ በሚበልጥ ሂሳብ፣ ለመግዛት መዋዋሉ በጋዜጠኞች ሲጋለጥ ምክትል ሚኒስትር ሥልጣን እስከመልቀቅ ደርሷል። ልዩ ሥርዓት መፍቀዱ ጥፋት አልነበረም፤ ዋጋው ከሕዝብ ዓይን የተሰወረባቸው ግዥዎች መኖራቸው ነው ችግሩን ያሳደገው።

ከኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱ ምን ይጠበቃል?

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግዥ በ2014 ዓ.ም. በጥቂት የፌዴራል ተቋማት ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ ሰፍቷል። ተስፋው ትልቅ ነው፤ ደሴ የተቀመጠ ነጋዴ የጨረታ ሰነድ ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። ሆኖም የጆርጂያ ልምድ እንደሚያሳየው የሥርዓቱ ጉልበት በስክሪኑ አይደለም። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ወረቀት አልባ ግዥን ስታስገድድ አቤቱታንም በዚያው መስኮት እንዲቀርብ አድርጋለች፤ አቤቱታው ሲገባ ግዥው ይቆማል፤ አቤቱታ ሰሚው አካል ውስጥም የሲቪል ማኅበራት ተወካዮች እንዲቀመጡ አድርጋ ነበር። በእኛ ሁኔታ መርሳ ያለ አነስተኛ አቅራቢ ሥራ ያጣበትን የ80 ሺህ ብር ግዥ ለመክሰስ ባሕር ዳር ድረስ ቢመላለስ ወጪው ከትርፉ ይበልጣል። አቤቱታ የሌለበት መዝገብ ቅሬታ የሌለበት መዝገብ ተደርጎ መነበብ የለበትም።

ከዚህ በመነሣት ለምዘናው ራሱ አንድ ሐሳብ ይቀርባል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የግዥ ሥርዓት ምዘና ዘዴ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ እነሱም የሕግ ማዕቀፍ፣ የተቋማት አቅም፣ የግዥ አፈጻጸምና የገበያ ሁኔታ፣ እንዲሁም ተጠያቂነትና ግልጽነት ናቸው። ለወቅት ተገዥ የሆኑ ተቋማትን በሚመለከት ሦስተኛው ምሰሶ ላይ አንድ ቀላል መለኪያ መጨመር ይቻላል፦ ተመራማሪው ፍላጎቱን ካቀረበበት ቀን እስከ ሞዴል 19 ቀን ያሉት ቀናት ብዛት፣ ከመዝሪያው ቀን ጋር ተነጻጽሮ። ለዚህ አዲስ መጠይቅ ወይም ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የግዥ መጠየቂያው ቅጽ ቀን አለው፤ ሞዴል 19ም ቀን አለው፤ የማሳው መዝገብም የተዘራበትን ቀን ይይዛል። ሦስቱ ሰነዶች በሦስት የተለያዩ ክፍሎች መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ እስካሁን ጎን ለጎን አይነበቡም።