የእጅ ዋጋ፦ በሐይቅና በአምባሰል ጌጥ ሠርቶ ለመሸጥ

ዶቃ ሰክቶ፣ ሽቦ ጠምዝዞ የጨውና የበርበሬ የሚያገኝ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ተማሪው አለ፣ ልጅ አስተኝታ ማታ ማታ የምትሠራዋ አለች። ብዙዎቹ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ቢቆጥሩ በእጃቸው የሚቀረው መነሻቸው ብቻ ነው። ሥራቸው አስቀያሚ ሆኖ አይደለም፤ ዶቃውን እየሸጡ ጉልበታቸውን በነጻ ስለሚሰጡ ነው።

ብር ሠሪው እንዴት ያስብ ነበር?

የወሎ ድሪ፣ አልቦ፣ አምባርና ጉትቻ ድሮ በብዛት የሚሠራው ከጠገራ ብር ነበር። የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ይህ ሳንቲም ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። የዚያ ዘመን ሴት ገበያ ስትወጣ ትከፍልበት፣ ልጇን ስትድር ታቀልጠው ነበር።

ጌጥ ያማራት ሴት ጠገራዋን ቋጥራ ብር ሠሪው ዘንድ ትሄድ ነበር። ብሩ የራሷ ነው፤ ይመዘን፣ ይቀልጥ፣ ጌጥ ይሆን ነበር። ለእሱ የምትከፍለው የእጁን ነበር። ዛሬም ወርቅ ቤት ብትገቡ የግራሙ ዋጋ ለብቻ፣ የእጅ ዋጋ ለብቻ ይነገራችኋል። ዶቃ የሚሰካ ሰው የጎደለው ይህ ልማድ ነው፦ ዕቃውንና እጁን በአንድ ላይ ጠቅልሎ «ስንት ትሰጪኛለሽ?» ይላል።

እርግጥ ያ የእጅ ዋጋም ትንሽ ነበር። ጌጥ የሚያሠራው ሁሉ አንጥረኛውን «ጠይብ» እያለ ይሸሸው ነበርና ስለ ዋጋ ለመከራከር አንገቱ ቀና አይልም። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ስድቡን ይከልክል እንጂ የእጅ ሥራን አሳንሶ የማየቱ ነገር ከገዥም ከሠሪም ልብ ገና አልወጣም ብዬ አምናለሁ።

እስቲ በወረቀት ላይ እናስላ

ለስሌት ያህል አንድ የዶቃ አምባር እንውሰድ። ዶቃው 60 ብር፣ ክርና መቆለፊያው 20 ብር ይሁን። ለመሥራት ሁለት ሰዓት ከፈጀና ሰዓቱን በ40 ብር ካሰብነው የእጁ 80 ብር ነው። ደሴ ሄዶ ዕቃ ለማምጣት የወጣው የመኪና ሂሳብ ለእያንዳንዱ አምባር ሲከፋፈል 10 ብር፣ ለሚሰበረውና ለሚጠፋው ደግሞ 10 ብር እንያዝ። ድምሩ 180 ብር ነው። ከዚህ በታች የሸጠ ከእጁ ላይ እየቀነሰ ነው።

አሁን ባለሱቅ «አምጪና ልሽጥልሽ፣ ከመቶ 20 እወስዳለሁ» ቢልስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ180 ላይ ሃያ በመቶ ጨምሮ 216 ብር ይላል። ባለሱቁ የሚቆርጠው ግን ከ216ቱ ነው፤ 43 ብር ከ20 ሲወስድ ለሠሪዋ 172 ብር ከ80 ይቀራታል፣ ማለትም 7 ብር ከ20 ጎደለባት። ትክክለኛው 180ን ለ0.8 ማካፈል ነው፤ 225 ብር ይመጣል። ሃያ አምባር ላይ የ7 ብር ከ20 ጉድለት 144 ብር ስለሚሆን ሂሳቡን ማወቅ ዋጋ አለው።

ገዥው ማን ነው?

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አላፊ አግዳሚው፣ ሐይቁን ለማየት የሚመጣው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን የሚሳለመው እዚያ ያልፋል። የአካባቢው ሰው ግን ሰርግና በዓል ካልደረሰ ለጌጥ እጁን አይፈታም። አምባሰል ውስጥ ደግሞ ግሸን ማርያም አለች፤ መስከረም 21 ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍላታል። ለግሸን ተጓዥ ከባድ ድሪ ይዞ መቆም ከንቱ ነው። የሚፈልገው ለራሱም፣ እቤት ለቀሩትም ለበረከት የሚወስደው ትንሽ የአንገት መስቀል፣ ማተብ፣ መቁጠሪያ ነው፦ ቀላል፣ የማይሰበር፣ አምስት ስድስት በአንድ ጊዜ የሚገዛ። ለዚያ ሥራው በክረምቱ መጀመር አለበት።

ቁጥርም ይታወቅ። መቁጠሪያ 41 ወይም 64፣ የሙስሊሙ መስበሃ 33 ወይም 99 ፍሬ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት አገር ሁለቱንም መሥራት ብልህነት ነው፤ አንድ ፍሬ ያጎደለ ግን የሸጠው ሁሉ ይመለስበታል፣ ስሙም ይከተለዋል። ሰፋ ላለ ገበያ የባቲ ከተማን የሰኞ ገበያ የሚስተካከል በአካባቢው የለም፤ የድሮ ጌጥ አሠራር በዓይን ለማጥናትም ደህና ቦታ ነው።

ብር ያልሆነውን ብር አትበሉት

ገበያ ላይ «ብር» እየተባለ የሚሸጥ ነጭ ጌጥ ብዙው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው። መሸጡ ነውር የለውም፤ ስሙን መቀየሩ ነው ነውሩ። ኒኬል የማይስማማው ሰው ጆሮው ያሳክከዋል፣ ይቆስላል፤ ስለዚህ ለጉትቻ ማንጠልጠያ ርካሽ ሽቦ አትምረጡ።

አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ላይ ከጥይት ቀልሃ የተሠራ ዶቃ እየሰኩ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ በግልጽ መነገሩ ራሱ ገዥ አምጥቷል። ይህን ሰምታችሁ ግን የ2014ቱ ጦርነት ባለፈባቸው የወሎ ሜዳዎች ብረት ለቀማ እንዳትወጡ። ያልፈነዳ ነገር ከቀልሃ አይለይም፤ ካያችሁ ሳትነኩ ለፖሊስ ተናገሩ።

ኦፓል ለሚሞክር

ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው ኦፓል የወሎን ስም በዓለም የጌጥ ገበያ አስጠርቷል። ጥሬውን መነገድ የማዕድን ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። የተሞረደ ድንጋይ ገዝቶ ቀለበት ወይም ጉትቻ ላይ ማስገባት ግን በትንሽ ገንዘብ ይጀመራል።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንደ መስታወት ጠርቶ የቀለም ጨዋታው ይጠፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። እርጥብ ድንጋይ በግራም የገዛ ሰው ውሃ ገዝቷል። ደረቁን አይታችሁ፣ ደረቁን መዝናችሁ ግዙ። ድንጋዩ ጥቁር ከሆነ በጭስ የጠቆረ መሆኑን ጠይቁ፤ ከሆነ እናንተም ለገዥ ተናገሩ።

ገዥዋን «ቀለበቱን ዕቃ ስታጥቢ አውልቂው፣ ሽቶና ቅባት አታስነኪው» በሏት። «ቀለሙ ጠፋ» ብላ ከመጣች አትደንግጡ፤ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ቀናት ይቀመጥ፣ ውሃ ብቻ ከሆነ የገባው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ቅባት ከገባው ግን መመለሱ ያጠራጥራል፤ ይህን ስትሸጡ አስቀድማችሁ ብትነግሯት «ገንዘቤን» የምትልበት ምክንያት አይኖራትም።