ሕግና ልማድ፤ ስለ ሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ወሰነ። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት በፅኑ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ።

ይሁን እንጂ ልጁን በሕፃንነቷ የሚድር አባት ክፉ ሥራ የሠራ አይመስለውም፤ ክብሯን የጠበቀላት፥ ቆሞ ቀር ከመባልም ያዳናት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው እስራት ቢፈራ ሠርጉን የማኅበር ድግስ ነው ብሎ ይሸሽጋል እንጂ አሳቡን አይለውጥም። ጉዳቱ ግን በልጅቱ ላይ ይወድቃል፤ ትምህርቷ ይቋረጣል፤ ሰውነቷ ሳይጠና ምጥ ይይዛታል፤ ምጡ ጸንቶባት ፌስቱላ በሚባለው ደዌ ሽንቷን መቋጠር የተሳናት፥ ከባሏም ቤት የተባረረች ብዙ ናት።

የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ. ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለዱት የብዙዎቹ ዕድሜ የሚታወቀው በሰው ቃል ነው። ዳኛው ዕድሜዋን ሲጠይቅ የሚመሰክሩት የአገር ሽማግሎች ናቸው፤ እነርሱም ስለ ጉርብትና ሲሉ 14 ዓመቷን 18 ነው ያሉ እንደ ሆነ፥ ሕጉ የወረቀት ጽሕፈት ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ግን ልጅቱ አንደኛ ክፍል የገባችበትን ዓመት በመዝገብ ጽፎ ይዞታል።