አይፒ አድራሻ የቤታችሁን በር አያውቅም

የጎረቤታችን ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ማታ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ መጣችና «ጋሼ፣ ቤታችንን አወቁት» አለችኝ። የማታውቀው ሰው በቴሌግራም መልእክት ልኮላታል። «አይፒ አድራሻሽ እጃችን ላይ ነው፤ የት እንደምትኖሪ እናውቃለን» ይላል። ከሥሩ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከዚያ የገንዘብ ጥያቄ። ለእናቷ እንኳን ሳትነግራት ሦስት ቀን በሆዷ ይዛው ከርማለች።

«ነይ ቁጭ በይ፣ አብረን እንየው» አልኳት። አይፒ አድራሻ የት እንዳለ የሚያሳይ ገጽ በስልኳ ከፈትን። የምንኖረው አየር ጤና ነው፤ ካርታው ላይ ያለው ምልክት ግን ያረፈው ፒያሳ አካባቢ ነው። ዋይፋዩን አጥፍታ በሞባይል ዳታ ስትሞክረው ቁጥሩ ራሱ ተቀየረ፤ ምልክቱ ግን ከፒያሳ አልተነቃነቀም። ሰውየው የላከላት ቁጥር ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ትከሻዋ ትንሽ ላላ ሲል አየሁ።

አይፒ አድራሻ ከኢንተርኔት የጠየቅነው ነገር ተመልሶ የሚደርሰን በእሱ የሆነ ቁጥር ነው። ያለ እሱ የሚከፈት ገጽ የለም፤ ስለዚህ የምንከፍተው ገጽ ሁሉ ያየዋል። ልጅቷም ሰውየው የላከላትን አንድ ሊንክ ከፍታ ነበር፤ ቁጥር ለማግኘት ይህ ብቻ ይበቃል።

በ1981 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ቁጥሮች ሥርዓት ሲደነገግ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ካለው የዓለም ሕዝብ ያነሰ ነው። ቁጥሮቹ ለየአህጉሩ የሚከፋፈሉበት ማዕከላዊ ቋት በ2011 እ.ኤ.አ. ባዶ ሆነ። በዚህ የተነሳ አገልግሎት ሰጪዎች፣ በተለይ በሞባይል ዳታ፣ ብዙ ደንበኛ በአንድ ቁጥር ያስተናግዳሉ። አንድ ሰፊ ግቢ አስቡ። ውስጡ ሃያ ተከራይ አለ፤ የውጭ በሩ ግን አንድ ነው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አንድ ተከራይ ሲወጣ ቢያይ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በሩ ላይ መዝገብ ይዞ የተቀመጠው ዘበኛ ነው። በእኛ ከተማ ዘበኛው ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሳፋሪኮም ነው። ያ አስፈራሪ እውነተኛ ቁጥሯን ቢያገኝ እንኳ ያገኘው የግቢውን በር ነው፤ መዝገቡ እጁ ላይ የለም።

ታዲያ ካርታው ላይ የሚታየው ምልክት ከየት መጣ? እንደ ማክስማይንድ ያሉ ኩባንያዎች ቁጥሩ ለማን እንደተሰጠ ከምዝገባ ሰነድ ያያሉ፤ የአፍሪካን የሚመዘግበው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው። ሌላ ፍንጭም ያክሉበትና ይገምታሉ። አገሩን ብዙ ጊዜ አይስቱም፤ ከተማው ላይ ግን ይንገዳገዳሉ። ከአገሩ ወይም ከከተማው በታች ምንም ካላወቁ ደግሞ መካከሉ ላይ አንድ ነጥብ ያስቀምጣሉ። በደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ ይህ ነጥብ ያረፈው የአንድ ቤት ጓሮ ላይ ነበር። ስልክ የተሰረቀባቸው ሰዎችም ፖሊሶችም፣ ካርታው መርቷቸው፣ ያንን በር ለዓመታት አንኳኩ። በአሜሪካ ካንሳስም 600 ሚሊዮን ያህል አድራሻዎች ወደ አንድ የእርሻ ቤት ሲያመለክቱ ኖረው፣ ጉዳዩ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲወጣ ማክስማይንድ ነጥቡን ወደ ሐይቅ መካከል አዛወረው። እነዚያ ቤተሰቦች አንድም ጥፋት አልነበረባቸውም። ግምትን እንደ ማስረጃ መያዝ ሰው ይጎዳል፤ ይህ እኔን አሁንም ያሳስበኛል።

ቤታችንን የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። «ሎኬሽን» ሲጠይቀን ሳናነብ የፈቀድንለት አፕ በጂፒኤስና በአካባቢው ባሉ የዋይፋይ ስሞች እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ያገኘናል። ካሜራው ሎኬሽን ከተፈቀደለት እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የተነሳበት ቦታ ተጽፎ ይቀመጣል፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ይህ ይጠፋል፣ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን አብሮ ይሄዳል። የልጅቷን ፕሮፋይል ስናየው ስልክ ቁጥሯ ለማንም ክፍት ነው። ፎቶዋ ላይ ዩኒፎርም ለብሳለች፤ የትምህርት ቤቱ ስም ደረቷ ላይ ይነበባል። ከዚያ ሁሉ ቁጥር ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ቁጥሯን «ማንም አይየው» ላይ አደረግነው፣ ፎቶውን ቀየርነው፣ ጥሪ በቀጥታ ከስልክ ወደ ስልክ እንዳይሄድም ዘጋነው፤ በቀጥታ ሲሄድ ያነጋገርነው ሰው አይፒያችንን ማየት ይችላልና።

«ቪፒኤን ልጫን?» ብላ ጠየቀችኝ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የከተማው ወጣት ሁሉ ቪፒኤን ለምዷል። ቪፒኤን መስመራችንን በሌላ በር በኩል አዙሮ የግቢውን በር ይደብቃል፤ መዝገቡን ግን ከአንዱ ዘበኛ ወስዶ ለሌላ ዘበኛ ይሰጠዋል። ያኛው ዘበኛ ማን እንደሆነ፣ በነጻ የሚሠራውም ስለምን እንደሆነ ካላወቅን የተሻለ ነገር አላገኘንም። የሀገር ውስጡን ዘበኛ ቢያንስ በሕግ መጠየቅ ይቻላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በሚይዙ ላይ ግዴታ ይጥላል። ቪፒኤን ከፍታችሁ ኢሜይላችሁ «ከኔዘርላንድ ገብተዋል» ብሎ ቢያስጠነቅቃችሁም አትደንግጡ፤ ያየው አዲሱን በር ነው።

ልጅቷ ገንዘብ አልላከችም። መልእክቱን ፎቶ አንስተን አስቀመጥነው፣ ሰውየውን ብሎክ አደረገችው፣ ከዚያም ለእናቷ አብረን ነገርናት። ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ መልእክት ለደረሰው ልጅ ከሁሉ የከፋው ብቻውን ይዞት ማደሩ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አስቀምጡና «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ አትክፈሉ፣ አትመልሱ፣ ለእኔ አሳዩኝ፤ አልቆጣም» በሏቸው።