የመኪና ቀለም መጠበቂያ ሦስት ዕቃዎች

ጭቃን፣ ፖሊሽንና ሰምን ለይቶ የማያውቅ ባለ ሱቅ ደንበኛውን ያከስራል። ማጽጃው ጭቃ ከቀለሙ ላይ የተጣበቀውን የብረት ብናኝና ሙጫ ያነሣል፤ መኪናው ከታጠበ በኋላ በሳሙና ውኃ እያረጠቡ በቀስታ ያሹበታል እንጂ በደረቁ አይነካም። መሬት የወደቀም ይጣላል፤ አሸዋ ይዞ ይቧጭራልና።

ፖሊሽ ግን እንደ ሞረድ ነው። ጭረትን የሚያጠፋው የላይኛውን ጥርት ያለ ቫርኒሽ በመፋቅ ነው፤ የዚህም ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር 20ኛ እጅ አይበልጥም። እንግዲህ ፖሊሹን «ሰም ነው» ተብሎ የገዛ ሰው በየሳምንቱ ቢወለውልበት ምን ይተርፈዋል?

ሰም ይሸፍናል እንጂ አይፍቅም። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ የኛው የንብ ሰም በ64 ግድም ይቀልጣል። ሰሙ በጥላ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ በስሱ ይቀባል።