‹‹ማንም›› ማን ነው? ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ ስለ ውጭ አገር አንድ አጭር ዜና እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔ የመረጥኩት አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ የተኩስ አደጋ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ‹‹በአሜሪካ ማንም ሰው ጠመንጃ ገዝቶ መታጠቅ ይችላል›› ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ‹‹ማንም›› የምትለዋ ቃል በቀይ ተሰምሮባት፣ ከጎኗ ‹‹ማን ነው ማንም?›› ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ይሄ ደግሞ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል? መልሱን ስፈልግ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን የምንለው ነገር ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት።

እንግዲህ ከመብቱ እንጀምር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይጣስ ይደነግጋል። አንቀጹ የሚጀምረው ስለ ሚሊሻ በማውሳት ስለሆነ መብቱ የግለሰብ ነው ወይስ የሚሊሻ የሚለው ብዙ ዘመን አከራክሯል። በሕግ በኩል መልስ ያገኘው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ዲሲ በተነሳ ክስ ነው። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ እንዳይኖራቸው ከልክላ ነበር። ዲክ ሄለር የተባሉ የጥበቃ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሽጉጥ ይታጠቃሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን አይፈቀድላቸውም። ክስ መሠረቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው።

ብዙ ዘገባ እዚህ ላይ ይቆማል። ነገር ግን ውሳኔውን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ በዚያው ውሳኔ ውስጥ አስፍረዋል። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው እንዳይታጠቅ፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክሉ ሕጎች በውሳኔው አይነኩም። በ2022 ፍርድ ቤቱ ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝንም በመብቱ ውስጥ አካተተ። በ2024 ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ በሚደርስ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ የሚከለክለውን ሕግ ስምንት ለአንድ አጸናው። መብቱም ቁጥጥሩም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው።

ቁጥጥሩ በተግባር እንዴት ይሠራል? እዚህ ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀርብ ታሪክ አለ። ዋይት ሐውስ ውስጥ ጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰጣቸው ክፍል በጄምስ ብሬዲ ስም ይጠራል። ብሬዲ የፕሬዚዳንት ሬገን ፕሬስ ሴክሬታሪ ነበሩ፤ በ1981 ፕሬዚዳንቱን ለመግደል ሲተኮስ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ዕድሜ ልካቸውን አካል ጉዳተኛ ሆኑ። እሳቸውና ባለቤታቸው ለዓመታት ከደከሙ በኋላ በ1993 በስማቸው የሚጠራው ሕግ ወጣ። ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሣሪያ ከመሸጡ በፊት ገዢው ፎርም ይሞላል፤ ስሙም በ1998 ሥራ በጀመረው የኤፍ ቢ አይ የማጣሪያ ሥርዓት ይታያል። ከባድ ወንጀለኛ ወይም በሕግ የተከለከለ ሌላ ሰው ከሆነ ሽያጩ ይቀራል።

ቀዳዳውም ያለው እዚሁ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ይህን ማጣሪያ የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሸጥ አያስገድድም (አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ያስገድዳሉ)። ሌላው የሦስት የሥራ ቀን ጉዳይ ነው። በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። በ2015 ቻርልስተን ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ምእመናንን የገደለው ወጣት ሽጉጡን የገዛው በዚህ መንገድ ነው። ማጣራቱ በትክክል ቢሠራ ሽያጩ ይከለከል እንደነበር የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ራሳቸው በኋላ አምነዋል። አንድ መዝገብ በጊዜው ባለመገኘቱ!

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ቁጥሩ ነው። በ2023 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ 46,728 ሰው ሞቷል። ከዚህ ውስጥ ወደ 27,300 የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው፤ በሰው እጅ የተገደለው ወደ 18,000 ይጠጋል። እኔ የጻፍኩት ዜና እንደ አብዛኞቹ ስለ ጅምላ ግድያ ነበር፤ እሱ ግን ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ለአብዛኛው ሞት የሚያስፈልገው ጥያቄ ‹‹መሣሪያው ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል ወይ? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?›› የሚለው ይሆናል። ይሄ ደግሞ ካሜራ አይስብም። አንድ ሰው በተስፋ መቁረጥ ሰዓት ጠመንጃ ካገኘ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው፤ ያቺን ሰዓት የሚያዘገይ ቁልፍ ሕይወት ያተርፋል። የማንንም መብት አይነጥቅም።

የእኛ ሕግ የሚነሳው ከሌላ ጫፍ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መታጠቅን በፈቃድ የሚገኝ ነገር ነው ያደረገው። ታዲያ ዜናዎቻችን ‹‹ይህን ያህል ሕገ ወጥ መሣሪያ ተያዘ›› ይሉናል እንጂ፣ ሕጋዊ የሚሆነው ምን ሲሟላ እንደሆነ እምብዛም አይነግሩንም። የአባቱን ጠመንጃ የወረሰ ገበሬ ዜናውን ሰምቶ የት ሄዶ፣ ምን ይዞ እንደሚያስመዘግብ ካላወቀ የሰማው ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ያቺን ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ አድርጌ ጽፌያታለሁ፦ ‹‹በአሜሪካ በሕግ ያልተከለከለ አዋቂ ሰው ማጣሪያውን አልፎ ከነጋዴ ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ ከግለሰብ ሲገዛ ግን በብዙ ግዛቶች ማንም አያጣራውም።›› ረዝማለች፤ ለሬዲዮ አትሆንም። ‹‹ማንም›› ግን አሁንም አለች፣ ቦታዋን ቀይራ።