የወሊድ ፈቃድ ወጪ በአንድ ሱቅ ላይ ለምን ይወድቃል?

ሠራተኛ ፈልጎ ደላላ ዘንድ የሚሄድ ነጋዴ ስለ ደመወዝ ከመነጋገሩ በፊት «ወንድ ይሁንልኝ» ሲል ይሰማል። ለምን ቢባል «ሴቷ ትወልዳለች፣ አራት ወር ሙሉ ያለ ሥራ ልከፍል ነው» ይላል። ሕጉ በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። ይሁንና ነጋዴውን ያሰጋው ወጪ በምናብ የተፈጠረ አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ ወጪው በእርግጥ ምን ያህል እንደሆነና ማን ሊሸከመው እንደሚገባ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 60፣ በድምሩ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ስላሳደገው ድምሩ 120 ቀናት ሆኗል። ለአባትየው የተፈቀደው 3 ቀን ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። የ120 ቀኑ ዕዳ ከሴቷ ጋር፣ የ3 ቀኑ ከወንዱ ጋር ስለሚመጣ፣ ሕጉ ለጥበቃ ያሰበው ነገር በቅጥር ገበያ ላይ በሴቷ ላይ እንደተጣለ ግብር ሆኖ ይሠራል።

ስሌቱ

ለምሳሌ ያህል በመርካቶ እያንዳንዳቸው በወር 9,000 ብር የሚከፈላቸው ሦስት ሠራተኞች ያሉት የጨርቃ ጨርቅ መደብር ይወሰድ። አንዷ ብትወልድ የአራት ወር ደመወዝ 36,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው በዚህ ላይ የተተኪውን 36,000 ደምሮ «72,000 ከሰርኩ» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ተተኪው የሚከፈለው ለሠራው ሥራ ነው፤ ያ ገንዘብ ሴቷ ባትወልድም ይወጣ ነበር። ተጨማሪው ወጪ 36,000 ብርና ተተኪውን ለማለማመድ የሚባክነው ጊዜ ነው።

36,000 ብር ግን ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው 324,000 ብር ለሆነ መደብር ቀላል አይደለም፤ ከመቶ 11 ገደማ ነው። ሌሎች 99 መሰል መደብሮች ተጨምረው 100 ቢሆኑና በመላው በዓመት 10 ሴቶች ቢወልዱ፣ ጠቅላላ ወጪው 360,000 ብር ነው። ለየመደብሩ ሲካፈል በዓመት 3,600፣ በወር 300 ብር ይደርሳል። ይህም ከደመወዝ ወጪው ከመቶ አንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አከፋፈሉ እንጂ የወላዶቹ ቁጥር አይደለም።

የሌሎች ልምድ

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 የወሊድ ክፍያ በመሠረቱ በግዴታ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን ይመክራል። ሩዋንዳ ይህንኑ መንገድ በመከተል እ.ኤ.አ. በ2016 የወሊድ ፈቃድ ፈንድ አቋቋመች። መዋጮው ከደመወዝ ከመቶ 0.6 ሲሆን ግማሹን አሠሪው፣ ግማሹን ሠራተኛው ይከፍላል። ያኔ ከነበረው የ12 ሳምንት ፈቃድ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት አሠሪው፣ የቀሩትን 6 ፈንዱ እንዲሸፍን ተደርጓል። መዋጮው በወንድም በሴትም ደመወዝ ላይ ስለሚሰላ ወንድ መቅጠር ከመዋጮው አያስመልጥም።

በኢትዮጵያም መሠረቱ አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኛና አሠሪው የጡረታ መዋጮ እንዲያዋጡ በሕግ ተደንግጓል፤ መጠኑም ዛሬ ከደመወዝ ለሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ለአሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ ነው። መዋጮ የመሰብሰብ ልማድ ስላለ፣ ለወሊድ ፈንድ መንገዱ ከዜሮ አይጀመርም።

እርግጥ ነው፣ ይህም ቢሆን ሁሉንም አያዳርስም። ደመወዝተኛ ያልሆነችው የጉልት ነጋዴ በወለደች ማግስት ገቢዋ ይቋረጣል። የሌላዋን ልጅ አቅፋ የምትውለው የቤት ሠራተኛም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም። ስለዚህ ማንኛውም ፈንድ በፈቃደኝነት የሚያዋጡትንም ሊያስገባ ይገባዋል።

እስከዚያው

ፈንዱ እስኪመጣ ድረስ ነጋዴው ራሱን ማዘጋጀት ይችላል። ምሳሌ የሆነው መደብር በአራት ዓመት አንድ ወሊድ ይኖራል ብሎ ቢያስብ፣ በየወሩ 750 ብር በተለየ የባንክ ሒሳብ ቢያስቀምጥ 36,000 ብሩ ይሞላል። በፈቃድ ላይ ያለችን ሠራተኛ የሚተካ ሰው ለተወሰነ ጊዜ በውል መቅጠርንም አዋጁ ይፈቅዳል። ደንበኛን በስም የምታውቅ፣ ዱቤ ከማን እንደሚሰበሰብ የምታስታውስ ሠራተኛን ማጣት የሚያስከትለው ኪሳራ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለእርሷም ከሥራ መውጣት የዛሬውን ደመወዝ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የጡረታ አበል በአገልግሎት ዘመን ስለሚሰላ የእርጅና ዘመኗም አብሮ ይጎዳል።

ነጋዴው ይህን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዕድሩ በየወሩ የሚያዋጣው ሐዘን በአንድ ቤት ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። ለሞት የሚሠራ ሒሳብ ለልደት የማይሠራበት ምክንያት የለም።